ማርስ 760፦ ሁለት ቺፕ በአንድ ካርድ ላይ፣ በደብረ ብርሃን የስሪዲ ሥራ ሲፈተን

አሱስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ያወጣው ማርስ 760 የተባለው ግራፊክስ ካርድ (በኮምፒዩተር ውስጥ ምስል የሚያሰላው ክፍል) በአንድ ሰሌዳ ላይ ሁለት ቺፖችን የያዘ፣ በዘመኑም ቢሆን በብዙ ሰው እጅ ያልገባ ዕቃ ነው። ያገለገለውን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ፣ ደብረ ብርሃን በሚገኘው የሥራ ክፍሌ ውስጥ የመኖሪያ ቤትና የሕንፃ ዲዛይኖችን በስሪዲ ምስል ለማውጣት እየተጠቀምኩበት ነው። ፍርዴን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ፦ ሥራን ለሁለቱ ቺፖች ማከፋፈል ለሚያውቅ ፕሮግራም ይህ ካርድ ዛሬም ታታሪ ሠራተኛ ነው፤ ማከፋፈል ለማያውቅ ፕሮግራም ግን ግማሽ አካሉ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ካርድ ይሆናል። ስለዚህ ካርዱ ለማን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ካርዱን በማየት ሳይሆን፣ ገዢው በየቀኑ የሚከፍተውን ፕሮግራም በማየት ነው።

ቺፖቹ ካርዱ በተሠራበት ጊዜ እንኳ አዲስ አልነበሩም። ጂኬ104 የሚባለውን ቺፕ የግራፊክስ ቺፕ ሠሪው ኤንቪዲያ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በማርች 2012 በጂቲኤክስ 680 ካርድ ላይ ሲሆን፣ ማርስ 760 የመጣው ከዚያ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ፣ ጂኬ110 የተባለው ትልቁ ቺፕ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። በእያንዳንዱ ጂኬ104 ላይ 3.54 ቢሊዮን ትራንዚስተሮች አሉ፤ ሙሉው ቺፕ 1536 ኮሮች (ስሌቱን የሚሠሩ ትንንሽ ክፍሎች) ሲኖሩት፣ ጂቲኤክስ 760 ለተባለው የኤንቪዲያ መካከለኛ ካርድ በተመደበው ላይ ሥራ ላይ የሚውሉት 1152ቱ ብቻ ናቸው። አሱስ ከእነዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ 2304 ኮሮች አገኘ፤ ለእያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን 2 ጊጋ ሜሞሪ ሰጠ፤ በመካከላቸውም ከማዘርቦርዱ የሚመጣውን አንድ የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ለሁለቱም የሚያደርስ፣ ፒኤልኤክስ 8747 የተባለ ሦስተኛ ቺፕ አኖረ። ይህ ሦስተኛው ቺፕ ትንሽ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ አገናኝ በሌለበት ካርድ ላይ የመከፋፈሉ ሸክም በማዘርቦርዱ ላይ ይወድቃል፤ ጊጋባይት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ በሁለት 6600 ጂቲ ቺፖች የሠራው ስሪዲ1 የተባለው ካርድ መጀመሪያ ላይ ከራሱ ከኩባንያው ማዘርቦርድ ጋር ተጣምሮ የተሸጠውም በዚህ ምክንያት ነበር። ማርስ 760 ግን ተራ በሚባል ማዘርቦርድ ላይ፣ አንድ ሰፊ የካርድ ሶኬት እስካለ ድረስ፣ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ይሠራል።

የማርስን ስም የያዙ ካርዶች ከዚህ በፊትም ነበሩ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2009 በሁለት ጂቲኤክስ 285 ቺፖች ተሠርቶ በ1000 ቁጥር ተወስኖ ወጣ፤ ሁለተኛው በ2011 በሁለት ጂቲኤክስ 580 ቺፖች ተሠርቶ በ999 ቁጥር ተወሰነ፤ ይህ ሁለተኛው ባለ 8 ፒን የኤሌክትሪክ ኬብል ሦስት ይፈልግ ነበር። ሁለቱም የጊዜያቸውን ትልልቅ ቺፖች የያዙ፣ ከሥራ መሣሪያነታቸው ይልቅ ኩባንያው አቅሙን ያሳየባቸው ካርዶች ነበሩ። ማርስ 760 መንገዱን ለወጠ፤ መካከለኛ ደረጃ ያላቸውን ቺፖች ወስዶ በማጣመር፣ ኤንቪዲያ ራሱ ሁለት ሙሉ ጂኬ104 አጣምሮ በ999 ዶላር ካወጣው ጂቲኤክስ 690 በታች፣ በ650 ዶላር ገደማ ለገበያ ቀረበ። ተመሳሳይ ሐሳብ ኢቪጂኤ የተባለው ካርድ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ2011 በሁለት ጂቲኤክስ 560 ቲአይ ቺፖች በሠራው 2ዊን በተባለው ካርድ ላይ ታይቶ ነበር፤ ፓወርከለርም በ2015 ሁለት አር9 390 ቺፖችን አጣምሮ ባለ 8 ፒን ኬብል አራት የሚፈልግ ካርድ እስከ ማውጣት ደርሷል። ከእነዚህ ሁሉ ማርስ 760ን ይበልጥ የማከብረው መጠኑን አውቆ የተሠራ በመሆኑ ነው። ሁለት ጂቲኤክስ 760 ካርዶች ለየብቻ የሚይዙትን አራት ሶኬት የሚያህል ቦታ በግማሽ ቀንሶ፣ ጥቁርና ቀይ በሆነ ጥብቅ አካል ውስጥ ማስገባት የእውነተኛ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ካርዱን ያጸዳልኝ የጥገና ባለሙያ ሲከፍተው የሰሌዳውን አሠራር አይቶ አድናቆቱን አልደበቀም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስገባ፣ የእኔ ሥራ በአብዛኛው የሚከናወነው ብሌንደር በተባለው የስሪዲ ፕሮግራም፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው በ2.93 እትም ነው። በፕሮግራሙ ምርጫዎች ውስጥ ኩዳ የሚለው (የኤንቪዲያ ቺፖችን ለስሌት የሚያሠራው ዘዴ) ሲከፈት ሁለቱ ቺፖች እንደ ሁለት የተለያዩ ካርዶች ተዘርዝረው ይታያሉ፤ በሁለቱም ላይ ምልክት ማድረግ በቂ ነው። በዚህ ጊዜ ለጌም ተብሎ የተሠራውን ሁለቱን ቺፖች የማጣመሪያ ዘዴ ከኤንቪዲያ መቆጣጠሪያ ላይ ማጥፋት ይገባል፤ ሬንደር የሚያደርገው፣ ማለትም ከትዕይንቱ የመጨረሻውን ምስል አስልቶ የሚያወጣው የብሌንደር ክፍል ሳይክልስ፣ ሥራውን ራሱ ስለሚያከፋፍል ያ ዘዴ አያስፈልገውም። ሬንደር ሲጀመር ምስሉ በካሬ ቁራጮች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቺፕ የራሱን ቁራጭ ወስዶ ይሠራል፣ ሲጨርስም ቀጣዩን ያነሣል። ሁለት ካሬዎች በአንድ ጊዜ በስክሪኑ ላይ ሲሞሉ ማየት፣ የተከፈለበት ሁለተኛ ቺፕ በእርግጥ እየሠራ መሆኑን በዓይን የሚያረጋግጥ ደስ የሚል ነገር ነው።

የሚገኘው ጥቅም ምን ያህል ነው ለሚለው፣ ከባድ በሆነ ምስል ላይ አንዱን ቺፕ ብቻ አብርቶ ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር ጊዜው ወደ ግማሽ የተጠጋ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ግማሽ የማይሆንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሬንደር ከመጀመሩ በፊት ትዕይንቱን የማዘጋጀቱ ሥራ በፕሮሰሰሩ ላይ የሚያልቅ በመሆኑ ሁለተኛው ቺፕ በዚያ ላይ የሚያግዘው ነገር የለም። ሁለተኛው፣ ቁራጮቹ በጣም ትልቅ ከሆኑ በመጨረሻ ላይ አንዱ ቺፕ ሥራውን ጨርሶ ሌላው የመጨረሻዋን ካሬ እስኪጨርስ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ የቁራጩን መጠን ከምስሉ ስፋት ጋር አመጣጥኖ መምረጥ በነጠላ ቺፕ ካርድ ላይ ከሚኖረው ይልቅ እዚህ ላይ የበለጠ ዋጋ አለው።

የዚህ ካርድ ትልቁ ገደብ ሜሞሪው ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ የምፈልገው ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱበት ቦታ ስለሆነ ነው። ካርዱ በሳጥኑም በሻጮችም ዘንድ ባለ 4 ጊጋ ተብሎ ይጠራል። ነገር ግን አንዱ ቺፕ በሌላው ቺፕ ሜሞሪ ውስጥ ያለውን እንደ ራሱ ሊጠቀምበት ስለማይችል፣ አንድ ዓይነት ትዕይንት በሁለቱም ሜሞሪ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይጫናል። ለሬንደር የሚሆነው ቦታ 2 ጊጋ ብቻ ነው፤ ሞኒተሩ በተሰካበት ቺፕ ላይ ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ ከዚያው ላይ ይቀንሳል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በሥራ ቋንቋ ለማስቀመጥ፣ በጎንና በቁመት 4096 ነጥብ ያለው አንድ የግድግዳ ወይም የወለል ምስል በሜሞሪ ውስጥ ሲጫን 64 ሜጋ ይወስዳል፤ እንዲህ ያሉ 32 ምስሎች ብቻቸውን 2 ጊጋውን ይሞላሉ። ለአንድ የመኖሪያ ቤት ትዕይንት የድንጋይ አጥር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሴራሚክ ወለል፣ የእንጨት በር፣ የግቢ ሣርና የመንገድ ኮብልስቶን ሲሰበሰብ፣ ለእያንዳንዱም የቀለም፣ የሸካራነትና የንጣፍ ቅርጽ ምስሎች ለየብቻ ሲጨመሩ፣ 32 ቁጥር ሩቅ አይደለም።

መፍትሔው ግን ሠሪው እጅ ላይ ነው። ምስሎቹን ወደ 2048 ማውረድ የእያንዳንዱን ድርሻ ወደ 16 ሜጋ፣ ማለትም ወደ አንድ አራተኛ ያወርደዋል፤ ከካሜራው ራቅ ብለው ለሚታዩ ነገሮች ልዩነቱን ደንበኛም ሆነ ሠሪ በዓይኑ አይለየውም። በአካባቢያችን ስለ ቤት የሚሠራ ምስል ሁሉ ማለት ይቻላል ከበስተጀርባው ባሕር ዛፍ ይፈልጋል፤ ዛፉን እየገለበጡ መቶ ቦታ መትከል ሜሞሪውን ወዲያው የሚጨርሰው ሲሆን፣ አንዱን ዛፍ በተያያዘ ቅጂ መንገድ ማባዛት ግን ቅርጹ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጫን ያደርጋል። በዚህ መንገድ ተጠንቅቆ ለሠራ ሰው 2 ጊጋ ለአንድ ቪላ ቤት ውጫዊ ገጽታ ይበቃል። ለትልቅ ሆቴል የውስጥ ዲዛይን ወይም ለሙሉ የከተማ ክፍል ዕቅድ ግን አይበቃም፤ ይህን ሥራ በዚህ ካርድ ላይ ለመሥራት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

ሁለቱ ቺፖች ከሁሉ የበለጠ የሚክሱበት ሥራ፣ በእኔ ግምት፣ ተንቀሳቃሽ ምስል ነው። ብሌንደርን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ቺፕ በመመደብ፣ በውጤት ማስቀመጫው ክፍል ላይ ደግሞ የተሠራውን ፍሬም (ተንቀሳቃሹ ምስል የሚገነባበትን ነጠላ ምስል) እንዳይደግምና ለጀመረው ፍሬም ቦታ እንዲይዝ የሚያዝዙትን ሁለት ምርጫዎች በማስተካከል፣ ሁለቱ ፕሮግራሞች አንዱን ፎልደር እየተጋሩ የተለያዩ ፍሬሞችን ይሠራሉ። እዚህ ላይ አንዱ ቺፕ ሌላውን የሚጠብቅበት ጊዜ ፈጽሞ የለም፤ የተገኘውም ጥቅም ሙሉ በሙሉ እጥፍ ሊባል የሚችለው በዚህ ብቻ ነው። የኮምፒዩተሩ ራም ግን ሁለት ትዕይንት የሚሸከም መሆን አለበት። ፍሬሞቹን በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል ሳይሆን በነጠላ ምስል ማስቀመጥ ደግሞ መብራት በሄደ ጊዜ የሚጠፋው በዚያች ደቂቃ ላይ የነበሩት ሁለት ፍሬሞች ብቻ እንዲሆኑ ያደርጋል፤ በሌሊት ኮምፒዩተሩን ለሥራ ትቶ የሚሄድ ሰው ይህን ቸል ማለት የለበትም።

የሠርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብሩ ባልደረቦቼ የምነግራቸው አጭር ነው፦ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነጻ የሚገኘው እትም በዊንዶውስ ላይ የሚጠቀመው አንድ የግራፊክስ ቺፕ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ቺፕ ለእነርሱ የለም ማለት ይቻላል።

ለጌም ካርዱን የሚፈልግ ወጣት ደግሞ እንዳይገዛው በግልጽ እመክራለሁ። በጌም ላይ ሁለት ቺፖች የሚሠሩት ፍሬሞችን እየተፈራረቁ በመሥራት ነው፤ አንዱ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን፣ ሌላው ሙሉ ቁጥር ያላቸውን ይወስዳል። ይህ እንዲሠራ አንዱ ፍሬም ከቀዳሚው ፍሬም ምንም መረጃ የማይፈልግ መሆን አለበት፤ የዘመኑ ጌሞች ግን የምስሉን ጠርዝ ለማለስለስ የቀዳሚውን ፍሬም መረጃ ስለሚጠቀሙ ሁለተኛው ቺፕ የመጀመሪያውን እየጠበቀ ይቆማል። ለየጌሙ የተለየ ማስተካከያ ከኤንቪዲያ ይመጣ ነበር፤ ኩባንያው ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ለአርቲኤክስ 20 ትውልድና ከዚያ በፊት ላሉት ካርዶች አዲስ ማስተካከያ እንደማያወጣ አስታወቀ። በ2013 አካባቢ የወጡትን ጌሞች ለሚጫወት ካርዱ አሁንም በደንብ ያገለግላል፤ ከዚያ ወዲህ ለወጡት ግን አንድ ጂቲኤክስ 760 እንደያዙ መቁጠር ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ጉዳይ ሳይታለፍ መታየት አለበት። ጂቲኤክስ 760 ለየብቻው 170 ዋት የተመደበለት ሲሆን፣ ማርስ 760 ባለ 8 ፒን ሁለት ኬብል ይፈልጋል፤ ከሶኬቱና ከኬብሎቹ በደንቡ መሠረት ሊወስድ የሚችለው እስከ 375 ዋት ይደርሳል። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ ቢያንስ 650 ዋት በእርግጥ የሚሰጥ፣ ሁለቱንም ኬብሎች ከራሱ የሚያወጣ መሆን ይኖርበታል። በላዩ ላይ ትልቅ ቁጥር የተለጠፈበት፣ በእጅ ሲነሣ ግን እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀል ፓወር ሰፕላይ በየሱቁ አለ፤ በእንዲህ ያለው ላይ፣ ያውም ከሃርድ ዲስክ ኬብል በሚቀጥል አስማሚ፣ ይህን ካርድ መሰካት ካርዱን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም አደጋ ላይ መጣል ነው። በከተማችን የኤሌክትሪክ ኃይል ከፍና ዝቅ የሚልባቸው ሰዓቶች ስላሉ ስታቢላይዘርም አብሮ መታሰብ አለበት።

በሙቀት በኩል ደብረ ብርሃን የተለየ ቦታ ናት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ በመሆኗ፣ አየሩ በእኩል ሙቀት ሲለካ በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 30 በመቶ ይሳሳል፤ በእኩል ፍጥነት የሚዞር ፋን እዚህ የሚገፋው የአየር ክብደት ያነሰ ነው ማለት ነው። በሌላ በኩል ብርዱ ይህን ይክሳል፤ ወደ ካርዱ የሚገባው አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ቺፖቹ ፍጥነታቸውን መቀነስ ወደሚጀምሩበት 80 ዲግሪ አካባቢ ለመድረስ ብዙ ይቀራቸዋል። ከጣርማ በር ወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ ለሚሠራ ሰው ግን ይህ ማካካሻ የለውም፤ እዚያ የኬዙን ጎን መክፈት ወይም ተጨማሪ ፋን መግጠም የግድ ይሆናል፣ ምክንያቱም የዚህ ካርድ ማቀዝቀዣ ሙቁን አየር የሚተፋው በኬዙ ውስጥ ነው። በየትኛውም ቦታ ቢሆን ካርዱ ከአሥር ዓመት በላይ ያስቆጠረ በመሆኑ፣ ቺፖቹ ላይ ያለው ቴርማል ፔስት፣ ማለትም ሙቀትን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት፣ ደርቆ ይገኛል፤ ገዝቶ ከመጠቀም በፊት በባለሙያ ማስቀየር ይገባል፣ በሁለቱም ቺፖች ላይ።

ከሞኒተር ጋር ለማገናኘት ሦስት የዲቪአይና አንድ ሚኒ ዲስፕሌይ ፖርት መውጫ አለው፤ ኤችዲኤምአይ ግን የለውም። በድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር በሚያገናኘው ፕሮግራም) በኩል፣ ለዚህ ትውልድ ቺፖች ለአዳዲስ ጌሞች የሚወጣው ማሻሻያ በ2021 የቆመ ሲሆን፣ የደኅንነት ማሻሻያውም በሴፕቴምበር 2024 አብቅቷል። ለእነዚህ ቺፖች የመጨረሻ ከሆኑት ከ470 ትውልድ ድራይቨሮች ጋር በሚስማማ የፕሮግራም እትም ላይ መቆየትን የማይወድ ሰው ይህን ካርድ ባይይዝ ይሻለዋል።

ዋጋን በተመለከተ ማነጻጸሪያዬ ባለ 6 ጊጋው ጂቲኤክስ 1060 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ይህ ባለ አንድ ቺፕ ካርድ 120 ዋት ይበቃዋል፣ ሜሞሪውም ሙሉው ለአንድ ቺፕ ነው፣ ማንኛውም ፕሮግራም ያለ ምንም ማከፋፈል ይጠቀምበታል። በእኩል ዋጋ ከቀረቡ ምርጫው ጂቲኤክስ 1060 ነው፤ ማርስ 760ን እንዲገዛ የምመክረው ዋጋው ከዚያ ካርድ ዋጋ ግማሽ ብዙም የማይበልጥ ከሆነ፣ ፓወር ሰፕላዩም አስቀድሞ በእጅ ካለ ብቻ ነው። ቴስላ ኬ80 የተባለው የሰርቨር ካርድ አልፎ አልፎ ባለ 24 ጊጋ እየተባለ ሲሸጥ ይታያል። እርሱም ባለ ሁለት ቺፕ ነው፣ ለእያንዳንዱ ቺፕ 12 ጊጋ አለው፤ በሜሞሪ በኩል ከማርስ እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን የራሱ ፋን የለውም፣ ሞኒተር የሚሰካበት መውጫም የለውም፣ ኬብሉም የተለመደው የግራፊክስ ካርድ ኬብል ሳይሆን ለፕሮሰሰር የሚሰጠው ዓይነት ነው፤ ፋን ለክቶ የሚገጥምለት ሰው ላላገኘ ከማርስ የበለጠ አድካሚ ነው።

ማርስ 760ን ሊገዛ የሄደ ሰው ሻጩ ሞኒተር ሰክቶ ምስል ስላሳየው ብቻ መተማመን የለበትም። ምስሉ የሚወጣው ከአንዱ ቺፕ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ሞቶም ቢሆን ስክሪኑ ጤናማ ሆኖ ይታያል። በዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ሁለት የግራፊክስ ካርድ ስሞች ያለ ቢጫ ምልክት መታየት አለባቸው፤ ከዚያም በብሌንደር መጀመሪያ አንዱን ቺፕ ብቻ፣ ቀጥሎ ሌላውን ብቻ መርጦ ያንኑ ምስል ሬንደር ማድረግና የፈጁትን ጊዜ ማወዳደር ያስፈልጋል። ሁለቱ ጊዜያት ተቀራራቢ ካልሆኑ፣ ወይም በአንደኛው ላይ ምስሉ ነጠብጣብ ካወጣ፣ የሚጠየቀው ዋጋ የአንድ ጂቲኤክስ 760 ዋጋ መሆን አለበት።